ሰባራው እንደ ሰባራ እንዲታይ

ሞጣ አካባቢ ያደገ ሰው «ሰባራ ድልድይ» የሚለውን ስም የሚሰማው ድልድዩን በዓይኑ ከማየቱ ብዙ ዓመት አስቀድሞ ነው። በልጅነቴ ስሙ የአንድ ቦታ መጠሪያ እንጂ የአንድ ጉዳት መግለጫ መሆኑ ፈጽሞ አይታየኝም ነበር። ትልልቆቹ «እገሌ ሰባራ ድልድይ ወርዶ ነው» ሲሉ፣ ሰውዬው ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ወርዶ ማዶ ወደ እንዳቤት ሊሻገር መሆኑን እንረዳለን፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አንጠይቅም። ድልድዩ ለምን ሰባራ እንደተባለ የገባኝ አባቴ ተሻግሮ በተመለሰበት አንድ ምሽት ወገቡ ላይ የገመድ ሰንበር ባየሁ ጊዜ ነው።

ይህ ድልድይ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ፋሲል ዘመን ጎጃምንና በጌምድርን ለማገናኘት እንደተገነባ ይነገራል። ሽማግሌዎቹ ድንጋዩን ያያያዘው ኖራ በእንቁላል የተለወሰ ነው ይላሉ፤ ስለ ጢስ ዓባዩ ዓለታ ድልድይም የሚባለው ይኸው ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ታድሶ እንደገና አገልግሎ ነበር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ግን አርበኞች የጠላትን መተላለፊያ ለመቁረጥ ሲሉ መካከለኛውን ቅስት አፈረሱት፤ ከዚያ በኋላ ለስልሳ ዓመት ያህል ሳይጠገን ቆየ። ሕዝቡ በክፍተቱ ላይ ገመድ ዘረጋ፤ ወንዶች ከዚህም ከዚያም ወገን ቆመው እየሳቡ፣ ወገቡን የታሰረውን ተሻጋሪ ከዓባይ በላይ አየር ላይ አንጠልጥለው ያሳልፉ ነበር። ሰውም፣ ዕቃም፣ ለሽያጭ የሚወሰድ ፍየልም በዚሁ ገመድ ይሻገራል።

እ.ኤ.አ. በ2001 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ የግንባታ ሥራ ባለሙያ እነዚህን የገመድ ተሻጋሪዎች የሚያሳይ ፎቶግራፍ በአንድ መጽሔት ላይ አይቶ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ የሚሆን የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋመ፤ በ2002 ክፍተቱ በብረት ተሸፈነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የክረምት ጎርፍ ብረቱን ጠርጎ ወሰደው። ከዚያ በ2009 ከወንዙ ከፍ ብሎ ሌላ ድልድይ ተሠራ፤ ይህኛው በሽቦ ገመድ ላይ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ሲሆን አሠራሩ የስዊዝ መሐንዲሶችና ኔፓላውያን በሂማላያ ሸለቆዎች ውስጥ ለብዙ ዓመታት አብረው ካዳበሩት ዘዴ የመነጨ ነው። የኔፓል ተራራ ጥበብ ዓባይ በረሃ ወርዶ የጎጃምንና የእንዳቤትን ሰው አገናኘ ማለት ነው። የድንጋዩ ድልድይ ዛሬም ከነስብራቱ በቦታው አለ፤ ስሙንም አልቀየረም።

የሥነ ሕንፃ ትምህርት ልማር አዲስ አበባ ስገባ ይህን ድልድይ ለሙያዬ የሚጠቅም ምሳሌ አድርጌ አልቆጠርሁትም ነበር። ለእኛ ለተማሪዎቹ ምሳሌ የሚሆነው ከባሕር ማዶ የመጣ፣ በደማቅ ወረቀት የታተመ ሕንፃ ነበር። ስለዚህ የመመረቂያ ሥራዬን በመርጡለ ማርያም ፍርስራሽ ላይ ለመሥራት ስወስን፣ ድንጋዩን ከጎጃም ሐሳቡን ግን ከሌላ አገር ወሰድሁ።

መርጡለ ማርያም በምሥራቅ ጎጃም በእነብሴ ሳር ምድር የምትገኝ ጥንታዊት ደብር ናት። ትውፊቱ መሠረቷን ወደ አብርሃና አጽብሃ ዘመን ይወስደዋል። የታሪክ ድርሳናት በስፋት የሚናገሩት ስለ ንግሥት እሌኒ ነው። ከሐዲያ ገዥ ቤት የተወለዱት፣ በኋላም ለልጁ ንጉሥ ለልብነ ድንግል ሞግዚት ሆነው አገር ያስተዳደሩት፣ ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ ነጋዴ መልእክተኛ አድርገው ወደ ፖርቱጋል የላኩት እኒህ ንግሥት፣ ጎጃም ውስጥ በነበራቸው ርስት ላይ ይህችን ቤተ ክርስቲያን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሠሯት። በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጠፋች። በ1620ዎቹ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያኑ ሚስዮናውያን በቦታው ላይ እንደገና ግንብ አቆሙ፤ ንጉሡ በ1632 የአባቶቻቸውን ሃይማኖት ከመለሱ በኋላ ሚስዮናውያኑ ከአገር ሲባረሩ ግንቡ ባለቤቱን አጣ። ዛሬ በቅጥሩ ውስጥ ጣሪያ የሌላቸው ግድግዳዎች ቆመዋል፤ በላያቸው ላይ አበባ መሰል ጌጥ፣ ሐረግና ቅስት የተፈለፈለባቸው ድንጋዮች ይታያሉ። ቅዳሴው የሚቀደሰው እዚያው ቅጥር ውስጥ ባለው ሌላ ቤተ ክርስቲያን ነው።

እነዚህን ጌጦች ለመጀመሪያ ጊዜ በቅርብ ያየሁ ዕለት የገረመኝ፣ የድንጋዩ ቀለም ከወንዛችን ድንጋይ ጋር አንድ ሆኖ ሳለ የመሮው አካሄድ ግን ከየት እንደመጣ በአንድ ቃል መናገር የማይቻል መሆኑ ነው። ሐዲያ የተወለዱ ንግሥት፣ የጎጃም ጠራቢና ድንጋይ ተሸካሚ፣ ከፖርቱጋልና ከስፔን የመጡ ካህናት፣ ከእነርሱ ጋር ከሕንድ የመጣ የኖራ ዕውቀት፤ ይህ ሁሉ በአንድ ግድግዳ ውስጥ አለ። ስለ ቅርስ በምንነጋገርበት ጊዜ «የባዕድ እጅ እንዳይነካው» የሚል ክርክር በተነሣ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ይኸው ግድግዳ ነው። የባዕድ እጅ ገና ሲሠራ ጀምሮ ነክቶታል። ጥያቄው እጁ እንዴት ይንካው የሚለው ነው።

እኔ ደግሞ ክፉኛ ነካሁት፤ ደግነቱ በወረቀት ላይ ብቻ ነው። የመመረቂያ ንድፌ ፍርስራሹን በሙሉ የሚሸፍን የመስታወት ጣሪያ ነበረው፤ ጣሪያውም የሚያርፈው በራሱ በአሮጌው ግንብ አናት ላይ በታሰረ የብረት መቀነት ላይ ነበር። ጥሩ ውጤት አገኘሁበት። የተመረቅሁ ዓመት ክረምት ላይ ሥዕሉን ጠቅልዬ ወደ ደብሩ ሄድሁና ለአንድ አዛውንት መሪጌታ ዘርግቼ አሳየኋቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት፤ በመቋሚያቸው ጫፍ የመስታወቱን ጣሪያ እየነኩ «ልጄ፣ በረዶ ሲጥል ይሄ ምን ይሆናል?» አሉኝ። የጎጃምን በረዶ የማያውቅ ሰው ጥያቄውን ቀላል ሊያደርገው ይችላል። እኔ ግን ጤፍ አሽቶ ባለበት አንድ ከሰዓት በኋላ የአንድ ጎጥ እርሻ እንዳልነበር ሲሆን ያየሁ ልጅ ነኝ። «ጠንካራ መስታወት ነው መሪጌታ» አልኋቸው። «ሲሰበርስ ማን ይተካዋል?» አሉ፤ መልስ አልነበረኝም። ቀጠሉና ከመስታወቱ የሚወርደው የክረምት ውኃ ወዴት እንደሚሄድ ጠየቁኝ። ሥዕሌ ላይ ውኃው የሚሄደው ወደ ግንቡ እግር ነበር።

ያን ጊዜ የተሰማኝ ኀፍረት እስከ ዛሬ ይጠቅመኛል። ፍርስራሽን የሚገድለው ብዙ ጊዜ ጣሪያ ማጣቱ ብቻ አይደለም፤ ውኃ በማይገባው መንገድ መግባቱና በሚገባው መንገድ መውጣት አለመቻሉ ነው። የኖራን ነገር በወጉ መማር የጀመርሁትም ከዚያ በኋላ ነው፤ ትምህርት ቤት ሳለሁ ስለ ኖራ የሰማሁት ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ ነበር፣ ስለ ሲሚንቶ ግን አንድ ሙሉ ዓመት ተምሬአለሁ። የኖራ ድንጋይ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲቃጠል በውስጡ ያለው የተቃጠለ አየር፣ ማለትም ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ይለቀዋል። የተረፈው ውኃ ሲነካው ይፈላል፣ ይንተከተካል፣ ሊጥ ይሆናል። ግንበኛው ይህን ሊጥ ከአሸዋ ጋር አብኩቶ በድንጋዮቹ መካከል ሲያስገባው፣ ኖራው ያጣውን አየር ከከባቢው መልሶ ቀስ በቀስ እየሳበ እንደገና ድንጋይ ይሆናል። ይህ ለውጥ በወፍራም ግንብ ውስጥ ብዙ ዓመት ይወስዳል። ኖራ ከድንጋዩ ይልቅ ለስላሳ በመሆኑ ግንቡ ጥቂት ሲንቀሳቀስ አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ቀዳዳማ በመሆኑም እርጥበት በእርሱ በኩል ወጥቶ ይደርቃል። ሲሚንቶ ግን ደንዳና ነው። አሮጌ የኖራ ግንብ በሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ መውጫ ያጣና በድንጋዩ በኩል ለመውጣት ይገደዳል፤ ጨውም አብሮ ይወጣና የተቀረጸውን ፊት እንደ ቅርፊት እየላጠ ይጥለዋል። በየገጠሩ «ጠገንነው» ተብሎ በቀና ልብ የተለሰነ አሮጌ ግንብ ባየሁ ቁጥር የምበሳጨው በምእመናኑ አይደለም፤ ኖራ የሚያቃጥል ሰው አጠገባቸው ስለሌለና የሲሚንቶ ከረጢት ግን በየሱቁ ስላለ ነው።

ከዚያ ወዲህ የሌላ አገር ፍርስራሾችን የማየው በሌላ ዓይን ነው። በርሊን ያለው አዲሱ ሙዚየም የሚባለው ሕንፃ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ተመቶ ለስልሳ ዓመታት ያህል ፈርሶ ቆየ። እንዲጠግነው የተመረጠው እንግሊዛዊው አርክቴክት ዴቪድ ቺፐርፊልድ ነበር፤ ቦምቡን ከጣሉት አገሮች አንዷ የእርሱ አገር መሆኗን ሳስብ ምርጫው ራሱ አንድ ነገር ይናገራል። ሕንፃው በ2009 ሲከፈት የጥይት ጠባሳው ከነቦታው፣ የተላጠው ሥዕል ከነመላጡ ነበር። የጠፋው ክንፍ ከሌሎች አሮጌ ሕንፃዎች በተሰበሰበ ጡብ ተሞላ፤ የተቃጠለው ታላቁ ደረጃ ደግሞ ጌጡ ሁሉ ቀርቶ ቅርጹ ብቻ በነጭ ኮንክሪት ተመለሰ። ኮሎኝ ከተማ ውስጥ ደግሞ ስዊዛዊው አርክቴክት ፒተር ዙምቶር በጦርነቱ በፈረሰች ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ቀጥታ ግራጫ ጡብ ደርድሮ በ2007 ኮሉምባ የተባለውን ሙዚየም አቆመ። የጡቡ ግድግዳ በቦታ በቦታው እንደ ወንፊት የተበሳ ስለሆነ ብርሃንና አየር እየተጣራ ወደ ፍርስራሹ ይገባል። ይህን ሥራ እወደዋለሁ፤ መርጡለ ማርያም ላይ ግን አልደፍረውም። የእነርሱ ግድግዳ ከመሠረቱ ጀምሮ ተጠንቶ ክብደት መሸከሙ የተረጋገጠ ነው፤ የኛው ክፍለ ዘመናትን በክረምት ዝናብ ስር ያሳለፈና አንድ ኩንታል ተጨማሪ እንኳ መሸከም ይችል እንደሆነ ያልተለካ ነው።

ከሁለቱም ይልቅ ለኛ የሚቀርበው የቡርኪና ፋሶው ተወላጅ ፍራንሲስ ኬሬ ነው። በትውልድ መንደሩ በጋንዶ የሠራው፣ በ2001 የተጠናቀቀው ትምህርት ቤት፣ ግድግዳው ከአገሩ ጭቃ የተሠራ ጡብ ሆኖ ቆርቆሮው ከግድግዳው ተለይቶ በቀጫጭን ብረቶች ላይ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ በመካከላቸው ነፋስ ያልፋል፣ ዝናቡም ከጭቃው ርቆ ይወርዳል። ጀርመን የተማረው ዕውቀት፣ የመንደሩ ሰዎች የረገጡት ጭቃና እኛም በየገጠሩ የምናውቀው ቆርቆሮ ተገናኝተው ነው ያ ቤት የቆመው። ኬሬ በ2022 የሥነ ሕንፃን ታላቅ ሽልማት፣ ፕሪትዝከርን፣ ሲቀበል ከአፍሪካ የመጀመሪያው አርክቴክት ነበር።

ከግድግዳ የተለየ ጣሪያ ሲባል ግን ላሊበላን መርሳት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ አብያተ ክርስቲያናቱን ከዝናብ ለመከላከል የተተከሉት ባለ ብረት ምሰሶ ጣሪያዎች ለጊዜው ተብለው የተሠሩ ነበሩ። ዝናቡን ከልክለዋል፤ ነገር ግን ክብደታቸውና በነፋስ ጊዜ የሚያሳድሩት ጫና ለካህናቱም ለምእመናኑም ስጋት ሆኖ ዓመታት አልፈዋል። እኔ ላሊበላ ቆሜ ያሰብሁት ስለ ምሰሶዎቹ ጥንካሬ አልነበረም። ገና በዋለ ዕለት በቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ ቤዛ ኩሉ ሲሉ፣ ዓይን ከአለቱ ወደ ሰማይ ሲወጣ ከሰማዩ ቀድሞ የሚያገኘው ያንን ጣሪያ መሆኑ ነው ያስከፋኝ። ለጊዜው ተብሎ የተሠራ ነገር እንዴት ይነሣ የሚለው ገና ሲተከል መታሰብ ነበረበት።

በ1964 ቬኒስ ላይ የተጻፈው የቅርስ ጥገና ቻርተር፣ በአሮጌ ሥራ ላይ የግድ የሚጨመር ነገር ካለ ከጥንቱ ተለይቶ እንዲታወቅና የራሱን ዘመን ማኅተም እንዲይዝ ይላል። ይህ ሐሳብ ከአውሮፓ የመጣ አዲስ ነገር የሚመስለው ሰው ጎጃም ውስጥ ቅኔ ቤት አልገባም ማለት ነው። እኔ ራሴ የገባሁት ለአጭር ጊዜ ነው፤ ዋዜማ ከሚባለው የቅኔ ደረጃ እንኳ ሳልደርስ ወጥቻለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር አልረሳሁም፤ የቅኔው ስንኝ «ቤት» ይባላል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፤ መወድስ ስምንት ቤት ነው። ልኩ የጥንት ነው፤ ማንም ቤት አይጨምርበትም፣ አይቀንስበትም። በልኩ ውስጥ የሚገባው ቃል ግን የዕለቱ፣ የባለቤቱ፣ አዲስ መሆን አለበት። ትናንት የተባለውን ቅኔ እንደ ራሱ አድርጎ ዛሬ የሚደግም ተማሪ በጉባኤው ፊት ያፍራል፤ ልኩን የሚያፈርሰውም እንዲሁ ያፍራል። ታዲያ የእሌኒን ቤተ ክርስቲያን በሲሚንቶ የተቀረጸ አበባ እያስመሰሉ መልሶ መሥራት የሌላውን ቅኔ መድገም ነው፤ የኔ የመስታወት ጣሪያ ደግሞ ያለ ልክ የተዘረፈ ቅኔ ነበር።

ወደ ሰባራ ድልድይ የተመለስሁት በዚህ ሐሳብ ነው። የሽቦው ድልድይ ድንጋይ ነኝ አላለም፤ አሮጌውን ቅስትም መልሶ ለመሥራት አልሞከረም። የድንጋዩን ድልድይ ሳይነካ፣ ሳይጫነው ተሠራ፤ ሰውም በእርሱ ላይ እየተሻገረ ወደ ሰባራው ያያል። ዲዛይን ተብሎ ያልተሸለመው ይህ ሥራ፣ ጎጃም ውስጥ በፍርስራሽ አጠገብ ከተሠሩ አዳዲስ ነገሮች ሁሉ የተሻለው ነው ብዬ አምናለሁ። ውበቱ ያከራክር ይሆናል። ብረቱ ዝገት ይጀምራል፣ የእግር ሰሌዳውም መቀየር ያስፈልገዋል፤ ግን መቀየር ይቻላል።

አሁን በትርፍ ጊዜዬ የምስለው የመርጡለ ማርያም ንድፍ ከዚህ የተነሣ ነው። ማንም አላዘዘኝም፤ ይሠራል የሚል ተስፋም የለኝም። መጀመሪያ የግንቡ አናት በኖራ ይታሰራል፤ ዝናብ ወደ ግንቡ ሆድ እንዳይገባ በላዩ ላይ ድንጋይ ተነጥፎ ይከደናል፤ በግንቡ እግር ዙሪያ ውኃ የሚሄድበት ቦይ ወደ ቁልቁለቱ ይወጣል። ይህ ሥራ የደብሩን አካባቢ ወጣቶች ኖራ ማቃጠልና ማቡካት ካላስተማረ ዋጋ የለውም፤ ባለሙያው ሲሄድ ሙያው እዚያው ቀርቶ ግንቡን መጠበቅ አለበትና። የተቀረጹት ድንጋዮች ባሉበት በኩል ብቻ፣ ግድግዳውን ጨርሶ የማይነካ ስስ ጣሪያ ይንጠለጠላል፤ የሚይዘውም እንደ ዓባዩ ድልድይ ከዳርና ከዳር የተወጠረ የሽቦ ገመድ ነው። ይህን የመረጥሁት በአገራችን ገመድ መወጠር፣ መቆንጠጥና ማጥበቅ በእግረኛ ድልድዮች ሥራ ላይ የተማሩ ሰዎች ስላሉ ነው፤ ሲበላሽ የሚጠግነው ከባሕር ማዶ አይጠራም። ሊፈታ ከተፈለገም በቁልፍ ይፈታል።

አንድ ችግር ግን አለበት። ስስ ጣሪያ ክብደት ስለሌለው ነፋስ ወደ ላይ ሊነቅለው ይሞክራል፤ ስለዚህ ገመዶቹ በአራቱም ማዕዘን መሬት ውስጥ በጥልቅ የተቀበረ ከባድ መልሕቅ ያስፈልጋቸዋል። ባለፈው የጥቅምት ወር ይህን ሥዕል ይዤ እኒያኑ መሪጌታ ዘንድ ሄድሁ። አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ሥዕሉን ከማየት ይልቅ «በእግሬ አሳየኝ» አሉኝ። ተያይዘን በቅጥሩ ውስጥ ዞርን፤ ገመዱ የሚያርፍበትን ቦታ እየቆምሁ አሳየኋቸው። ሦስቱን ዝም አሉ። አራተኛው ላይ ስንደርስ መቋሚያቸውን በሣሩ ላይ አሳርፈው «እዚህ መምህሬ አርፈዋል» አሉ። ሦስት እርምጃ ወደ ምዕራብ ሄድሁና «እዚህስ?» አልኋቸው። «እዚያ ወንድማቸው» አሉ።

ሥዕሉ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ ነው። አራተኛውን ገመድ እስካሁን ስድስት ጊዜ አዛውሬዋለሁ፤ በተዛወረ ቁጥር የጣሪያው ቅርጽ አብሮ ይለወጣል፤ አሁን አንዱ ጫፉ ከሌሎቹ ዝቅ ብሎ ወደ ዋርካው ያዘነብላል።